መርፌና ክር፦ የእናት ቀሚስ፣ የአባት ሱሪና ያረጀ ጋቢ

ሰላም ሰላም ውድ አንባቢዎች! በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ ልብስ ናቸው፣ ሳጥን ውስጥ የከረመ ቀሚስ፣ የአባት ሱሪ፣ ውጭ አገር የተገዛ ያገለገለ ካፖርት፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ስፌትን ከአዲስ ጨርቅ በላይ የሚያስተምረው አሮጌ ልብስ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ሌላ ሰው ሰፍቶ የጨረሰውን ቀስ ብለሽ ስትፈቺው እያንዳንዱ ስፌት ለምን እዛ ጋ እንደመጣ ይገባሻል። ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ልመና አለኝ፣ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ልብሱን ገልብጡና ውስጡን እዩት፣ የሚፈታ ነገር ካለ መጀመሪያ ይፈታ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ እንቀጥል።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። እናቴ ከአርባ ዓመት በፊት ገደማ ለቅልቅሏ የለበሰችው የሀበሻ ቀሚስ አለ፣ እሷ አሁን በህይወት የለችም። ለእህቴ ሰርግ ልለብሰው እፈልጋለሁ ግን ደረቴ ላይ ስድስት ሴንቲ ያህል ይጠበኛል፣ ጥለቱ ቀይና ወርቃማ ነው። ሁለት ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄው አንዱ ጎኑን ቀደን ሌላ ጨርቅ እናስገባ አለኝ፣ ሌላኛው ደግሞ ይሄ አይሆንም አዲስ አሰሪ አለኝ። ምን ይሻለኛል? — ከጉለሌ

መልስ፦ እህቴ ነፍሷን ይማር። አዲስ አሰሪ ያለሽን ተይው፣ ይሄ ቀሚስ ይለበሳል። ጎኑን እንቅደድ ያለሽንም ለጊዜው አቆዪው፣ ምክንያቱም ምናልባት ምንም መቅደድ ላያስፈልግ ይችላል።

ቀሚሱን ገልብጪና መስኮት አጠገብ ቁጭ ብለሽ የጎኑን ስፌት እዪው። የድሮ ልብስ ሰፊዎች ልጅቷ ትወልዳለች ትወፍራለች ብለው ውስጡን ትርፍ አስቀርተው ነበር የሚሰፉት፣ አሁን እንደምናየው በኦቨርሎክ ማሽን ጠርዙን ቆርጦ መጨረስ ያን ያህል አልነበረም። አሁን ሂሳቡን እዪልኝ፦ በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ ስትቆጥሪው አራት ጠርዝ ነው ያለው፣ ከእያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ተኩል ከለቀቅሽ ስድስት ሴንቲሽ ሞላ ማለት ነው። ለአዲሱ ስፌት ደግሞ አንድ ሴንቲ መቅረት ስላለበት ከስፌቱ ወደ ውስጥ ያለው ትርፍ ሁለት ሴንቲ ተኩል ከሆነ ችግርሽ አለቀ። የድሮውን ስፌት በስፌት መፍቻ ወይ በምላጭ አንድ አንድ ክር እየቆረጥሽ ፍቺው፣ ጎትተሽ እንዳትቀጂው፣ የእጅ ሽመና ሲጎተት ድሩ ይሰበሰብና መስመር ሰርቶ ይቀራል። የድሮው መርፌ የወጋበት ቀዳዳ ተደርድሮ ስታዪው አትደንግጪ፣ ፈትል ስለሆነ ረጠብ ረጠብ አድርገሽ በጥፍርሽ ፈተግ ፈተግ ስታደርጊውና በካውያ እንፋሎት ስትነኪው አብዛኛው ይዘጋል።

ትርፍ ከሌለውስ? ያኔ ከእጅጌው ጫፍ ጀምሮ በብብት አልፎ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ቁራጭ በሁለቱም ጎን ይገባል። ስፋቱ ስድስት ሴንቲ ተቆርጦ በሁለቱ ጠርዝ አንድ አንድ ሴንቲ ሲሰፋ አራት ይቀራል፣ ሁለቱ ጎን ሲደመር ስምንት ሴንቲ አገኘሽ፣ ስድስት የሚጠበው ሰው ደግሞ መተንፈሻም መቀመጫም ያስፈልገዋል። ቁራጩ ብብት ላይ እንዲቆም እንዳትፈቅጂ፣ እዛ ካቆመ ክንድሽን ባነሳሽ ቁጥር ቀሚሱ በሙሉ ወደ ላይ ይሳባል።

ጨርቁን ከየት ላምጣ ካልሽ፣ መቀነቱ ካለ መጀመሪያ እሱን እዪው። ነጠላውን ግን እባክሽ አትንኪው። ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ነጭ ልግዛ ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ ቀሚሱን ይዘሽ በቀን ብርሃን ሂጂ፣ አርባ ዓመት የቆየ ጥጥ ወደ ክሬም ስለሚያደላ አዲሱ ነጭ ከጎኑ ሲገባ የድሮውን ያላጠቡት ያስመስለዋል። አንዳንዶች በሻይ ያቀልሙታል፣ እኔ አልወደውም፣ እኩል አይዝም። እኔ ብሆን ነጩን ለማመሳሰል መልፋቱን ትቼ ከጥለቱ ቀይ ጋር የሚሄድ ቀጭን ጥለት ነበር ጎኑ ላይ የማስገባው፣ ሲታይ ተጣፈ ሳይሆን እንዲህ ተብሎ የተሰራ ነው የሚመስለው።

ሳልረሳው፣ ከምንም በፊት ቀዩ ይለቃል ወይ የሚለውን ፈትሺ። ነጭ ጥጥ በቀዝቃዛ ውሃ አርጥበሽ ከውስጥ በኩል ጥለቱ ላይ ትንሽ ያዝ አድርጊው፣ ጥጡ ሮዝ ከሆነ ቤት ውስጥ አታጥቢው። ካልለቀቀ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቢ፣ ሳትጨምቂ በፎጣ ጠቅልለሽ ውሃውን አውጪ፣ ጥላ ውስጥ አንጥፈሽ አድርቂው። በረኪና ፈጽሞ! ወርቃማውን ክር ያጠቁረዋል። ከዛ የተፈታው ጠርዝ እንዳይበተን ከጫፉ ግማሽ ሴንቲ ገባ ብለሽ ዙሪያውን አንድ መስመር ስፊበት፣ ቀጭን መርፌ ተጠቀሚ፣ 70 ወይም 80 ቁጥር። በመጨረሻ በማሽን ከመስፋትሽ በፊት ሰፋ ሰፋ ባለ የእጅ ስፌት ያዝ ያዝ አድርገሽ ለብሰሽ እስክስታ ሞክሪበት። እውነቴን ነው፣ ቆመሽ ብቻ የለካሽው ልብስ ሰርግ ላይ ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ የምጽፍልሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያገለገሉ ልብሶች ከሚሸጡበት ሱቅ በ18 ዶላር ረጅም ካፖርት ገዛሁ፣ ሱፍ ነው ብለውኛል ግን ምንም የሚነበብ ነገር የለውም። ገበሩ ብብቱ ስር ተቀዷል፣ እጅጌው ይረዝመኛል፣ ትከሻው ይሰፋኛል፣ ወገቡ አካባቢ ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የስንት ዓመት ልብስ እንደሆነስ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ከቀዳዳዎቹ ልጀምርና፣ ያ ብል ነው ብለሽ አስቢ፣ ስለዚህ ካፖርቱን ሌሎች ልብሶችሽ ያሉበት ቁምሳጥን ውስጥ እንዳታስገቢው። የሚበላው የሚበረው ቢራቢሮ መሰሉ ሳይሆን ትሉ ነው፣ እንቁላሉ ደግሞ አይታይም። በላስቲክ ጠቅልለሽ አየር እንዳይገባ አስረሽ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዪው፣ ስታወጪው ከነላስቲኩ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቂና ከዛ ደጅ አውጥተሽ በብሩሽ በደንብ ጥረጊው፣ በተለይ ኮሌታ ስርና ኪስ ውስጥ።

ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ከውስጥ ከእጥፋቱ አንድ ክር ምዘዢና እቃ ማጠቢያው ላይ በመቆንጠጫ ይዘሽ አቃጥዪው። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ፣ እሳቱን ስታርቂው ራሱ ከጠፋና የቀረው ጥቁር ነገር በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ከሰራ ፖሊስተር ነው፣ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ከሆነ ደግሞ ጥጥ። ሁለቱንም ካሳየሽ ቅልቅል ነው ማለት ነው።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ ልብስ ላይ እንዴት እንደሚታጠብ የሚገልጽ ጽሁፍ እንዲለጠፍ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ1971 ነው፣ ስራ ላይ የዋለው ደግሞ በ1972፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ስለዚህ ማንም ያልነቀለው ሆኖ የማጠቢያ ምልክት ከሌለው ከዛ በፊት የተሰራ ሊሆን ይችላል። ነቅለውት ከሆነ ግን የተሰፋበት ቦታ ላይ የክር ርዝራዥ ወይ የመርፌ ቀዳዳ ስለሚኖር አንገቱ ጋና የጎኑ ስፌት ላይ ፈልጊ።

ትከሻው ጋ ስንመጣ እህቴ እውነቱን ልንገርሽ፣ የካፖርት ትከሻ ማጥበብ ለጀማሪ አይደለም፣ እጅጌውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ እንደገና መትከል ነው፣ ውስጡ ያለው ማጠንከሪያም አብሮ ይነካል። ግን ትከሻው ውስጥ ያለው ስፖንጅ ወፍራም ከሆነ ገበሩን ፈትተሽ እሱን ብቻ አውጪውና ልበሺው፣ ብዙ ጊዜ ትከሻው ወርዶ ልክ ይመጣል። ይበቃል፣ ሰፋ ያለ ካፖርት ደግሞ ከሹራብ ጋር ያምራል።

ገበሩን ከመጣፍ መቀየር ይሻላል፣ ብብቱ ከተቀደደ ሌላውም ሳስቷል። እዚህ ጋ ነው መፍታት የሚጠቅመው፦ የድሮውን ገበር ስፌቱን ፈትተሽ አውጪ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በእርሳስ ጻፊበት፣ በካውያ ዘርጊው፣ እሱኑ አዲሱ ጨርቅ ላይ አስቀምጠሽ ቁረጪ። የጀርባው መሃል ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ የምትሆን እጥፋት ታገኛለሽ፣ ትርፍ ናት ብለሽ እንዳትቆርጫት፣ እጅሽን ወደፊት ስትዘረጊ ገበሩ እንዳይቀደድ የምታደርገው እሷ ናት። እጅጌውን ስታሳጥሪም ገበሩ ከሱፉ ትንሽ ላላ ብሎ ይቅር፣ ከተወጠረ ሱፉን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ከታችኛው እጥፋት ውስጥ ከራሱ ከካፖርቱ በመዘዝሽው ክር በእጅ ድፈኛቸው፣ ሌላ ክር የቱንም ያህል ቢመሳሰል በፀሐይ ይለያል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ውስጥ መሃላቸው የሳሳ አሮጌ ጋቢዎች አሉ፣ ለልዋጭ ልሰጣቸው ነበር አዘንኩላቸው። ለቤት የሚሆን ምን ይሰራባቸዋል? ማሽን አለኝ ግን ጀማሪ ነኝ። — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ኧረ ለልዋጭ አይሰጥም! ጋቢ እኮ አራት ድርብ ነው፣ የቱም ሱቅ ብትሄጂ እንደሱ ያለ ጨርቅ በሜትር አታገኚም። መስኮት ላይ ወጥረሽ ያዥውና ብርሃን የሚያሳልፈውን በእርሳስ ክበቢው፣ የቀረው ሁሉ ጥሩ ነው፣ ጫፍ ጫፉ ደግሞ ምንም አይሆንም።

ለጀማሪ የሶፋ ትራስ ልብስ ነው የምመክርሽ፣ ዚፕ የሌለው፣ ከኋላ ተደራርቦ የሚገባው ዓይነት። ለ45 በ45 ትራስ የፊቱን 47 በ47 ቁረጪ፣ ለኋላው ደግሞ 47 በ33 የሆኑ ሁለት ቁራጮች። የሁለቱን የኋላ ቁራጮች አንድ አንድ ረጅም ጠርዝ ሦስት ሴንቲ አጥፈሽ ስፊ። ጋቢው ወፍራም ስለሆነ ሁለቴ አታጥፊው፣ አንዴ አጥፈሽ ጫፉን በዚግዛግ ያዥው። ከዛ የፊቱን መልክ ወደ ላይ አድርገሽ አንጥፊ፣ ሁለቱን መልካቸው ወደ ታች ሆኖ መሃል ላይ እንዲደራረቡ ደርቢባቸው፣ ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ገብተሽ ስፊና ገልብጪው፣ አለቀ። ጥለቱን ፊት ለፊት መሃል ላይ አታድርጊው፣ ወደ አንድ ጎን ሸሸት ሲል ነው የሚያምረው፣ ይሄ የኔ ምርጫ ነው።

መርፌሽ 100 ቁጥር ይሁን፣ የስፌቱንም ርዝመት ወደ ሦስት ተኩል ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጊው፣ በቀጭን መርፌና በጥቃቅን ስፌት ጋቢ ስትሰፊ መርፌው ይሰበራል ወይ ስፌት ይዘላል። ከተረፈው ለቡና የምትቀመጡበት በርጩማ መቀመጫ ይወጣል፣ ከዛም የተረፈ ካለ ሁለት ቁራጭ ደርበሽ ድስት መያዣ አድርጊው፣ ጥጥ ስለሆነ እንደ ፖሊስተር ቀልጦ እጅ ላይ አይጣበቅም። ብቻ ደረቅ መሆኑን እያየሽ፣ የረጠበ ጨርቅ ሙቀቱን ወዲያው ነው የሚያሳልፈው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን ነሽ። ከባለቤቴ እናት የወረስኩት ባለ ፔዳል ሲንጀር አለኝ፣ ዕድሜው ከኔ ይበልጣል። አሁን ጡረታ ወጥቼ ለልጅ ልጆቼ መጋረጃና አልጋ ልብስ ልስፋ ብል ከታች በኩል ክሩ እየተቋጠረ አስቸገረኝ፣ ፔዳሉም ይከብዳል። ሰው ደግሞ ታችኛውን ክር አስተካክይ ይለኛል። — ከባህር ዳር

መልስ፦ እናቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ እርስዎም ደህና ይሁኑልኝ። ከታች ሲቋጠር ሁሉም ሰው የታችኛውን ክር ነው የሚጠረጥረው፣ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የላይኛው ነው። የላይኛው ክር በሁለቱ ትንንሽ ክብ ብረቶች መሃል ካልገባ የሚይዘው ስለሌለ ሁሉም ወደ ታች ይፈስና ይቋጠራል። ስለዚህ ክሩን ሙሉ በሙሉ ያውጡትና መርፌው ጋ ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር ወደ ላይ አንስተው እንደገና ያስገቡት፣ እግሩ ከተነሳ ብረቶቹ ከፈት ስለሚሉ ክሩ ቦታውን ይይዛል። እግሩን አውርደው ክሩን ሲስቡት ያዝ ካደረገዎት ገብቷል ማለት ነው። መርፌውንም ይቀይሩት፣ መርፌው ላይ ቁልቁል የሚወርድ ረጅም ቦይ አለ፣ ክሩ የሚገባው ቦዩ ባለበት በኩል ነው፣ ተገልብጦ ከተተከለ ጭራሽ አይሰፋም።

ፔዳሉ የከበደው ዘይቱ ደርቆ ነው የሚሆነው። የምግብ ዘይት አድርገውበት ከሆነ እሱ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል። በየቀዳዳው አንድ ሁለት ጠብታ ነጭ ጋዝ አድርገው መስኮት ከፍተው፣ ከእሳት ርቀው፣ ያለ ክር ትንሽ ያሽከርክሩት፣ ጥቁር ነገር ሲወጣ ይጥረጉና ከዛ የማሽን ዘይት ያድርጉበት። የመጀመሪያውን ስፌት አሮጌ ጨርቅ ላይ ያድርጉት፣ ዘይት ይተፋል። የቆዳ ቀበቶው ከላላም እንዳይጥሉት፣ ትንሽ ተቆርጦ በሽቦው መልሶ ይያያዛል። ለመጋረጃው ደግሞ የዘንጉን ርዝመት ሁለት እጥፍ ጨርቅ ይግዙ፣ ከዛ ካነሰ ሲዘጋ እንደ አንሶላ ተወጥሮ ነው የሚታየው።

ጥያቄ፦ የአባቴ ቤል ቦተም ሱሪ አለ፣ ወገቡ ልክ ነው፣ እግሩ ግን ታች 28 ሴንቲ ይሰፋል። ወደ 20 ማምጣት እፈልጋለሁ፣ ራሴ መስራት ነው የምፈልገው። ወንድ ሆነህ ስፌት ምን ያደርግልሃል የሚሉኝም አሉ። — ከሐረር

መልስ፦ ወንድሜ አንተ ሐረር ተቀምጠህ እንዴት እንዲህ ይሉሃል? መኪና ግርግር ውረድና እዛ መንገዱን ይዘው የሚሰፉትን ወንዶች እያቸው፣ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ሸማ የሚሸምኑትም ወንዶች ናቸው። እንደውም ከአንዳቸው አጠገብ ቁጭ ብለህ ሱሪ ሲያጠብቡ ተመልከት፣ ከቪዲዮ የበለጠ ታያለህ።

ከ28 ወደ 20 ስምንት ሴንቲ ነው፣ አራቱን ከውጭኛው ስፌት፣ አራቱን ከውስጠኛው ውሰድ። ከአንድ ጎን ብቻ ከወሰድክ በካውያ የሚወጣው መስመር ይዞርና እግርህ ላይ ይጠማዘዛል። ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብለህ ከዜሮ ጀምረህ ቀስ እያልክ ወደ አራቱ ውረድ፣ ሰፍተህ ለብሰህ ሳታይ እንዳትቆርጥ፣ ብትቆርጥም ሁለት ሴንቲ ውስጡ አስቀር። የዛን ጊዜ ሱሪ ብዙው ፖሊስተር አለበትና ካውያውን ቀነስ አድርገህ ጨርቅ ደርበህ ተኩሰው።

ግን ልጠይቅህ፣ ለምን አታሳጥረውም ብቻ? የቤል ቦተም ውበቱ ያ የታችኛው ስፋቱ ነው፣ 20 ካደረግከው ገበያ ላይ ከሞላው ሱሪ በምን ተለየ? ለአንድ ወር እንዳለ ልበሰውና ከዛ ወስን፣ ያንተ ነው።

ጥያቄ፦ ቤይሩት ሰው ቤት ነው የምሰራው። ማታ ማታ ጊዜ አለኝ፣ ማሽን ግን የለኝም። ለክፍሌ ትራስ ልብስና ከአሮጌ ጅንስ ቦርሳ በእጅ መስራት እችላለሁ ወይስ ይበተናል? — የዘወትር አንባቢሽ

መልስ፦ የኔ እህት ትችያለሽ፣ በደንብ የተሰፋ የእጅ ስፌት አይበተንም። ዋናው ነገር ዝም ብለሽ ወደፊት ብቻ እየወጋሽ አለመሄድ ነው። አንድ ስፌት ወደፊት ሂጂ፣ መርፌውን ካወጣሽ በኋላ ወደኋላ ተመለሺና ያለፈው ስፌት ካለቀበት ቀዳዳ አጠገብ ውጊ፣ ከዛ በስር በኩል ሁለት ስፌት ያህል ወደፊት አውጪው። እንዲህ ስትቀጥዪ ከላይ የማሽን ስፌት ነው የሚመስለው፣ አንድ ቦታ ክር ቢበጠስ እንኳን ሌላው ይይዛል። ለቦርሳው ማንገቻና ጥግ ጥጉ ላይ ደግመሽ እለፊበት።

ለጅንሱ ወፍራም መርፌና ጠንካራ የፖሊስተር ክር፣ ለትራሱ ተራ ክር ይበቃል። ክሩን ከክንድሽ ርዝመት አታስበልጪው፣ ረጅም ክር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል ግን እየተጠማዘዘ ይቋጠርብሻል፣ ሻማ ካለሽ አንዴ ሻማው ላይ ጎትቺው፣ መጠማዘዙን ይቀንሳል። የጅንሱን ኪስ እንዳትነቅዪው፣ ቦርሳው ላይ እንዳለ ይቅርና ለስልክሽ ይሁንሽ። የእግሩን ድርብ ስፌት ያለበትን ደግሞ በረጅሙ ቆርጠሽ ማንገቻ አድርጊው፣ ጠርዙን ብቻ አጥፈሽ ትሰፊዋለሽ፣ ከዛ ቦታ የጠነከረ ጅንሱ ላይ የለም።